የማይቀልጠው ብረት

ያን ቀን ብየዳ ቤቱ ውስጥ የነበርነው ባለቤቴ፣ ከውጭ አገር ለክረምት የመጣው ልጄ፣ ታናሽ እህቱ፣ በያጁና እኔ ነን። አብዮቱ ሊመጣ አንድ ዓመት ቀርቶት ነበር። አሰላ ጭቃ በጭቃ ሆና፣ የጭላሎ ተራራ ከደመና አልወጣ ብሎ፣ የተሰበረውን የአልጋችንን እግር ልናስበይድ ሄድን።

ልጄ የሚማረው የሮኬት ብረት ነው። ሮኬቱ እሳት የሚተፋበት አፍ እንዳይቀልጥ ብረት ከብረት እየቀላቀሉ ይሞክራሉ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ቢሆንም እሳት ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ተመልሶ እንዳይሄድ ልለምነው ቆርጬ ነበር።

በያጁ የመጣለትን ብረት ሁሉ በእሳት ሳይፈትን አያምንም። ልጄ ከኪሱ ጣት የምታህል ብረት አውጥቶ ሲያሳየው፣

"አይቀልጥም? ወላሂ አሁን አቀልጠዋለሁ!" አለና ጥቁር መነጽሩን አደረገ።

ልጄ "ቆይ፣ እዚህ አየር ላይ…" ብሎ ሳይጨርስ በያጁ እሳቱን ለቀቀበት።

ብረቱ ነጭ ሆኖ በራ እንጂ አልቀለጠም። ግን ነጭ ጭስ ይተፋ ጀመር። ዘልዬ ልጄን ያዝኩትና አፍና አፍንጫውን በነጠላዬ ሸፈንኩት። እህቱ በሳቅ ሞተች።

"እማማ፣ ልጅዎ ጢም አውጥቷል እኮ! ለእኔስ ነጠላ የለም?" አለ በያጁ እያሳለ።

ሁላችንም ወደ ደጅ ወጣን። ጭሱ ሲጠፋ ተመልሰን ብናይ ብረቱ ቀጥኗል።

"ካልቀለጠ የት ሄደ?" አለ በያጁ።

"አየር ሲያገኘው ጭስ ሆኖ ያልቃል" አለ ልጄ። "ለዚህ ነው የሚሸፍነው ልባስ የምንፈልግለት። እስከዚያ የምናግለው አየሩ ተመጦ ከወጣ ምድጃ ውስጥ ነው፤ እኔ የማየው ከመስታወት ኋላ ሆኜ ነው።"

"መስታወቱ ምን ያህል ይወፍራል?" አልኩት።

በጣቶቹ ለክቶ አሳየኝ። ሊያጽናናኝ ብሎ ትንሽ ሰፋ እንዲያደርገው ጠበቅሁ፤ አላደረገም።

"እማማ፣ ከእንግዲህ ሳይሰጉ ይተኙ! እኔ ቅንድቤን አቃጥዬ ጨረስኩ፣ እሱ በመስታወት ያያል" አለ በያጁ።

ሳቅሁ። ልመናዬንም ዋጥኩት። መስከረም ላይ የበቆጂ ገብስ በሶ ቋጥሬ ሸኘሁት።

ልጄ ዛሬም ደህና ነው፤ ስልክ በደወለ ቁጥር ስለዚያ በያጅ ይጠይቀኛል። ሰውየው ከአብዮቱ በኋላ ብየዳ ቤቱን ዘግቶ ወደ አቦምሳ ሄደ ሲሉ ሰምቻለሁ። ያለበትን የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።