የዘገየው አሜን

ሰፈሩ «ቄሱ» ይለዋል፤ ክህነት ግን የለውም። ሥራው ጉድጓድ ቁፋሮ ነው። ታናሽ ወንድሙ ወርዶ ይቆፍራል፤ እሱ አፋፉ ላይ ቆሞ ገመዱ የሚጠቀለልበትን መዘውር ይዞ አባታችን ሆይን ጮክ ብሎ ይደጋግማል። ባበቃ ቁጥር ታናሹ ከታች «አሜን» ይለዋል። ልማዱን የወረሱት ከአባታቸው ነው። ጉድጓድ ውስጥ የሚተኛ መጥፎ አየር ሽታም መልክም የለውም፤ ሰውን እንደ እንቅልፍ ነው ሸለብ አድርጎ የሚወስደው። አሜን ከቀረ ገመዱ ይሳባል።

ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ግን ቄሱ አፉን ዘጋ። ታማ ሳለች ጉልበቱ እስኪላጥ ለምኖ ነበር፤ ጠብ ያለለት ነገር የለም። ከሁሉ ከሁሉ «ፈቃድህ ትሁን» የምትለዋ ጉሮሮው ላይ እንደ አጥንት ተሰነቀረችበት። ከእግዜር ጋር ተኳርፏል፤ እውነቱ ይኸው ነው።

አንድ ቀን ለብዙ ዘመን ተከድኖ የኖረ አሮጌ ጉድጓድ ሊያጠልቁ ሄዱ። ክዳኑ ሲነሳ የግቢው ባለቤት፣ ጠና ያሉ ሴት፣ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ።

«ዛሬ ጸሎት የለም እንዴ?»

«ገመዱ ጠንካራ ነው፣ እትዬ» አለ ቄሱ።

ታናሹ ገመዱን ወገቡ ላይ እያሰረ ሳቅ አለ። «ግድ የለም ጋሼ፣ እኔው ከታች እላለሁ። አንተ አሜን በለኝ።»

«አሜንም አልልም። ይልቅ ውረድ።»

ወረደ። ዶማው ድው ድው ሲል በመሃል የታናሹ ድምፅ ይሰማል፤ «ስምህ ይቀደስ፣ መንግሥትህ ትምጣ።» ቄሱ እንዳልሰማ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። «ፈቃድህ» አለ ታናሹ፣ ከዚያ ዝም አለ። ዶማውም ዝም አለ።

የቄሱ ሆዱ ባባ። ለእኔ ሐዘን ብሎ ነው ቃሏን የተዋት፣ አንጀቱ አልችል ብሎት ነው አለ በልቡ። ወንድሙን በሆዱ እየመረቀ ቀጣዩን ቃል ጠበቀ።

«ልጁ ምነው ድምፁ ጠፋ?» አሉ ሴትየዋ።

ቄሱ ጎንበስ ብሎ ተጣራ። ጉድጓዱ የራሱን ድምፅ መለሰለት።

መዘውሩን አዞረ፤ ሴትየዋም እጀታውን አብረው ያዙ። ገመዱ ላይ ያለው ነገር ዝም ብሎ ይከብዳል፣ አይፈራገጥም። አባታችን ሆይን ሊል ፈለገ፤ አንድም ቃል አልመጣለትም። «አይሁን» አለ። «አባቴ፣ ይሄስ አይሁን። እባክህ አይሁን።» ከተኳረፈ ወዲህ እግዜርን መጀመሪያ ያናገረው ያኔ ነበር።

ታናሹ ፊቱ ጠቁሮ ወጣ፤ ብዙ ቆይቶ ተነፈሰ። ጉልበቱ ተመልሶለታል፤ ሐሳቡ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ወሬ ጀምሮ መሃል ላይ ይጠፋበታል፤ ዓይኑን አንድ ቦታ ተክሎ ይቀራል።

ዛሬ ዛሬ የሚወርደው ቄሱ ነው። ታናሹን ዳግም አላወርድም ብሎ ምሏል፤ መዘውሩንም ከእሱ በቀር ለሌላ ሰው አልሰጥም ብሏል። ከታች ሆኖ ጸሎቱን አንድ ቃል ሳይዘል ያደርሳል፣ «ፈቃድህ ትሁን»ንም ጭምር፤ ከላይ ወንድሙ «አሜን» ይለዋል። አንዳንድ ቀን አሜኑ ይዘገያል። ያኔ ዶማውን አስቀምጦ፣ ጨለማው ውስጥ እንደቆመ፣ በጉድጓዱ አፍ ወደምትታየው ክብ ሰማይ አንጋጦ ይጠብቃል።