ራዲዮ አድማጯ ኤሊ

አባቴ ከዝዋይ መንገድ ያመጣት ኤሊ ከመዳፌ አትበልጥም ነበር። የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበር ከቆላ ሲመለስ ሙዝ ወይ ፓፓያ ይዞልን ይገባል። ያን ቀን ግን ከኮቱ ኪስ ድንጋይ የመሰለ ነገር አውጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። ድንጋዩ እግር አወጣ። መጀመሪያ በድንጋጤ ጮህኩ፤ ቀጥሎ በደስታ ጮህኩ።

"ጎማ ሥር ልትገባ ስትል ነው ያነሳኋት" አለኝ። "ደግሞ የውሃ ኤሊ እንዳትመስልሽ፣ የደረቅ አገር ናት። ሳፋ ውስጥ እንዳትዘፈዝፊያት።"

እናቴ በሩ ላይ ቆማ አማተበች። "የእባብ ዘመድ እቤቴ!"

አባቴ ሁለታችንንም የሚያስታርቅ መስሎት ፈረደ። መኪናው ጋራዥ ገብቷል፤ ተጠግኖ ሲወጣ ወደ ቆላ ይመለሳል። "እስከዚያ ምግብ ከበላች ታሳድጊያታለሽ። ካልበላች ይዣት ሄጄ ያገኘኋት ቦታ እለቃታለሁ። በረሃብ ስትሞት ቆሜ አላይም።"

ቀላል መሰለኝ። መብላትን የመሰለ ነገር ማን ይጠላል?

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሲነጋ የሳሙና ሳጥን ከጓዳ ጎትቼ አወጣሁና ቤት እሠራላት ጀመር። ዳገቱን ወጥቼ ከእንጦጦ የባህር ዛፍ ቅጠል በቀሚሴ ሙሉ ለቅሜ መጣሁ፤ እንደ በዓል ቄጠማ ጎዘጎዝኩላት። ምን የመሰለ ቤት! ሽታው ብቻውን ያጠግባል። ኤሊዋ ግን ዓይኗን ጨፈነች፣ አፍንጫዋ አረፋ ደፈቀ፣ አንገቷንም ወደ ውስጥ ስባ ቀረች።

እናቴ ከሩቅ አይታ ሳቀች። "እኛ ጉንፋን ሲይዘን ለደቂቃ የምንታጠነውን አንቺ ቀኑን ሙሉ አጠንሻት እኮ!"

ቅጠሉን ጠርጌ ጣልኩ። ደረቅ አፈር ያስፈልጋታል ብዬ ተነሳሁ፤ ግን በክረምት እኛ ሰፈር፣ ሲግናል፣ ደረቅ አፈር ከየት ይመጣል? በአሮጌ ብረት ድስት ጭቃ አድርጌ እሳት ላይ ጣድኩት። እናቴ ወደ ማድቤቱ ስትገባ እኔ አፈር እቆላለሁ።

"አፈር ስሆን! አሁን ደግሞ አፈር መቁላት ጀመርሽ?"

ሲበርድ ሳጥኑ ውስጥ ነሰነስኩት። ለመደበቂያ የተሰበረ ማሰሮ ገል ደፋሁላት፣ ውሃ በስኒ ማስቀመጫ አኖርኩላት፣ ጎመን በትንንሹ ቆረጥኩላት፣ የእንቁላል ቅርፊት ወቅጬ ነሰነስኩበት። የእሷ ቤት ከእኛ ቤት አምሮ ቁጭ አለ። እሷ ግን ንክች አላደረገችም። ጎመኑ ይጠወልጋል፣ እቀይራለሁ፤ ይጠወልጋል፣ እቀይራለሁ።

እጄን ጀርባዋ ላይ ሳሳርፍ እንደ በረዶ ቀዘቀዘኝ። ለካ በርዷት ኖሯል! የቆላ ልጅ አምጥተን የእንጦጦን ክረምት አሸከምናት። ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር ግቢ አወጣታለሁ፤ ፀሐይዋ ግን ወዲያው ትጠፋለች። ከሰል ላቅርብላት ስል እናቴ ጭሱ ይገድላታል ብላ ከለከለችኝ። አምፖሉም ያለው ጣሪያው ላይ ነው።

ያኔ ነው ዱሮ የሞተችው ድመታችን ትዝ ያለችኝ። ክረምት ክረምት የምትተኛው ትልቁ የእንጨት ራዲዮ ላይ ነበር። ሮጬ ሄጄ የራዲዮውን ጀርባ ዳበስኩት፤ ይሞቃል! ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አወጣሁ፣ ራዲዮውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩና ጀርባውን ለኤሊዋ ሰጠሁት። ፊቱ ሲዞር ድምፁ ታፈነ፤ ስለዚህ ከፍ አደረግኩት። እናቴ ጆሮዋን ይዛ ብታጉረመርምም አላጠፋችውም፤ እሷም ለካ ኤሊዋ እንድትበላ በሆዷ ጓጉታለች።

ከጠዋት እስከ ማታ መዝሙሩ፣ መፈክሩ፣ ዜናው፣ ንግግሩ እስከ መንገድ ይሰማል። እሁድ ከቀበሌ ስብሰባ እናቴ ፊቷ ተለዋውጦ ተመለሰች። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ የነቃና ያልነቃ እየተባለ ይለያል፤ የቀበሌው ሊቀመንበርም በሕዝብ ፊት "ንቃት ማለት እንደ እኚህ ጓዲት ቤት ነው፣ ቀኑን ሙሉ አብዮቱን ያዳምጣሉ" ብሎ አስጨበጨበላት።

"ለኤሊ ነው ብዬ እንዴት ልናገር?" አለችኝ።

አባቴ መኪናውን ሊረከብ በጠዋት የወጣ ዕለት ኤሊዋ እህል አልቀመሰችም ነበር። "ካርቶን አዘጋጅተሽ ጠብቂኝ" ብሎኛል። ካርቶኑን እያዘጋጀሁ አለቀስኩ። በሩ ተንኳኳ። ሊቀመንበሩ ነበር፤ የነቃውን ቤት ሊጎበኝ ሁለት ሰው አስከትሎ መጥቷል።

ገብቶ ራዲዮውን አየና ፈገግታው ጠፋ።

"ጓዲት፣ አብዮቱን ከግድግዳ ጋር ነው እንዴ የሚያወያዩት?"

እንደዚህ ባለ ቀልድ ተይዞ የተወሰደ ሰው ሰፈራችን ያውቃል። እኔ ደግሞ ምላሴ አያርፍም።

"ለኤሊዋ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር! ጀርባው ያሞቃታል!"

ጎንበስ ብሎ ሳጥኑን አየ። ራዲዮው ይፎክራል። ከገሉ ሥር መጀመሪያ አፍንጫ፣ ቀጥሎ የተሸበሸበ አንገት ብቅ አለ። ኤሊዋ ሊቀመንበሩን ትክ ብላ አየችው፣ ሁለት እርምጃ ተራመደች፣ አፏን ከፈተችና ጎመኑን ገመጠችው።

ሊቀመንበሩ ቀና አለ፤ ወደ ተከታዮቹ ዞረ።

"ይኼው፣ ይቺም ነቃች!" ብሎ በሳቅ ፈነዳ።

ሁለቱም ሳቁ፣ እናቴም ሳቀች። ሲወጡ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። እኔ ግን የመኪናውን ጥሩምባ ሰምቼ በባዶ እግሬ ጭቃውን እያንቦጫረቅኩ ወደ መንገዱ እየበረርኩ ነበር። "በላች! አባዬ፣ በላች!"

አባቴ ከነሥራ ልብሱ ገባ። መንገድ ከመውጣቱ በፊት ዜና ሳይሰማ አይሄድም። ራዲዮውን ሊያዞር እጁን ዘረጋ፣ ከዚያ ወደ ሳጥኑ አየና ተወው። ወንበሩን ስቦ ከኤሊዋ አጠገብ ተቀመጠ፤ ጎመኗን ስታኝክ እያየ፣ ዜናውን በራዲዮው ጀርባ በኩል ሰማ።