ንስሩ ቤት የቀየረ ዕለት

ልጄ ሥራ አገኘሁ ስትለኝ ቢሮ መስሎኝ ነበር። ከሆሳዕና ዳር ያለ፣ የተጎዱ አውሬዎችና አእዋፍ የሚጠበቁበት፣ ሰውም ገብቶ የሚያይበት ግቢ ነው አለችኝ። ጥፍሩ የእኔን ጣት ከሚያክል ንስር ጋር እንደምትውል ሳውቅ እንቅልፍ አጣሁ። ዓይንሽን ያወጣዋል አልኳት። ሳቀችብኝ።

ንስሩን በጋሪ ያመጣው የሌሞ ወረዳ ገበሬ ነው። ክንፉ ተሰብሮ ነበር፤ ቁስሉ ቢድንም ከእንግዲህ አይበርም። ያስቀመጡት አራቱም ወገን ሽቦ በሆነ ጠባብ ቤት ነው። የሚቆምበት የብረት ቱቦ የእግሩን መዳፍ አቁስሎታል።

አንድ የገበያ ቀን ልጄን ልይ ብዬ ሄድኩ። ሴቶች ከነልጆቻቸው ሽቦውን ከበውታል። ንስሩ ክንፉን ዘርጋ ሲያደርግ ሁላችንም እያጨበጨብን "እሽ! እሽ!" አልን። በእኛ ሰፈር ጭልፊት ሰማይ ላይ ሲታይ አንዷ ከግቢዋ ትጮሃለች፣ ጎረቤቷ ትቀበላታለች፣ ጫጩት ያላት ሁሉ ትሰማለች። አስቦ የሚጮህ የለም፤ አፍ ራሱ ይቀድማል። ንስሩ ደንግጦ ከሽቦው ጋር ተላተመ፤ ምንቃሩ ሥር ደም ታየ።

ማታ ልጄ እራቷን ሳትነካ ነገረችኝ። ወፉ ጀርባውን የሚሰጥበት የለውም፤ በየት ቢዞር ሰው ነው። አለቆቿን ለምና ለምና ተፈቅዶላታል፤ ሦስቱ ወገን በቀርከሃ የተዘጋ፣ ሰው በፊት ለፊት ብቻ የሚያይበት፣ መቆሚያው ከሰው ራስ ከፍ ያለ ቤት ሊሠራ ነው። መቆሚያውን የምትጠቀልልበት ገመድ ከእኔ ፈለገች፤ ከእንሰት ቃጫ የተገመደ፣ ለቁስሉ የማይጎረብጥ። እየፈራሁትም ቢሆን ገመድኩለት።

ጎረቤቴ በር ላይ ቁጭ ብዬ ስገምድ አይታ ቆመች።

"ለዶሮ ሌባ እንዲህ ያለ ቤት ከተሠራ እኔም ከነገ ጀምሮ ስርቆት እገባለሁ" አለች። "የእኔ ጣሪያ ሲያፈስ ማን ዞር ብሎ አየ?"

ቤቱ አለቀ። ንስሩን በእጇ ይዛ ከአሮጌው ወደ አዲሱ የምታሻግረው ልጄ ናት፤ ያውም ሰው በተሰበሰበበት፣ እያየ እንዲማር ብላ። ከጮኹ ይታገላል፣ ከታገለ ወይ ክንፉ እንደገና ይሰበራል ወይ እኔን ያገኘኛል አለችኝ። ከዚያ ሴቶቹን ዝም የምታሰኚልኝ አንቺ ነሽ አለች።

"እኔ? ከሁሉም የምፈራው እኔ አይደለሁም እንዴ?"

"ለዚህ እኮ ነው እማዬ። አንቺ ዝም ካልሽ ማን ይጮሃል?"

በዕለቱ ፊት ቆምኩ። በሀዲይኛም በአማርኛም ለመንኳቸው፤ ልጄ ናት፣ ስለ እኔ ብላችሁ አፋችሁን ያዙ አልኩ። ጎረቤቴ እንኳ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ልጄ ወፍራም የቆዳ ጓንት አጥልቃ፣ ንስሩን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ወጣች። መንገዱ አጭር ነው፤ ለእኔ ግን አላልቅ አለ። እኩሌታው ላይ አንድ እግሩ ከብርድ ልብሱ አመለጠ። ጥፍሮቹ አገጯ ሥር ተከፈቱ። አፌ ሊከፈት ሲል ነጠላዬን ነከስኩት። ሴቶቹ ንስሩን ትተው እኔን ያያሉ። አንድ ሕፃን ሊያለቅስ ሲል እናቱ ጡት አጎረሰችው። ልጄ አንገቷን ወደ ኋላ አድርጋ፣ ሳትቸኩል እግሩን በጓንቷ ያዘችና ገባች።

ከፍ አድርጋ ስትለቀው ንስሩ ቃጫው ላይ ወጥቶ ቆመ። ፊቱን ወደ ቀርከሃው አዞረ፤ ቆይቶ ደግሞ በገዛ ፈቃዱ ወደ እኛ ዞረ። ላባውን ነቀነቀ። ማንም እሽ አላለም።

ልጄ ወጥታ ለሴቶቹ ማስረዳት ጀመረች። አይጡንና እባቡን ማን እንደሚቀንስላቸው፣ ጫጩት በቅርጫት ሥር ማዋል ድንጋይ ከመወርወር እንደሚሻል ነገረቻቸው። ጎረቤቴ "እኔ ቤት ያለውን አይጥ ይጨርስ እንደሆነ ላስገባው" አለች፤ ተሳቀ። እኔ ግን ልጄ ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም። ጥፍሩ ነክቷት እንደሆነ ብዬ አገጯን ብቻ ነበር የማየው። ንግግሯን እስክትጨርስ መታገሥ አቃተኝ፤ ሄጄ ፊቷን በሁለት እጄ ይዤ አገላብጬ አየሁ።

"እማዬ፣ ሰው እያየ" አለችኝ።

"ይይ!" አልኳት።