ጃኬቱ ብቻ አይበቃም

ኮልፌ ውስጥ አንድ የጨርቅ መጋዘን በእሳት ጋይቶ ብዙ ሰው በሞተ ማግስት፣ የሟቾችን ማንነት የማጣራቱን ሥራ እንዳስተባብር ታዘዝኩ። የአስከሬን ምርመራ ሐኪም ነኝ፤ ሬሳ አያስፈራኝም። የፈራሁት ቤተሰቦቹን ነበር።

አስከሬኖቹ ሆስፒታል ናቸው። ቤተሰቦቹን ቀራንዮ ባለ አንድ አዳራሽ ሰበሰብን። ገና ከጅምሩ አንድ ሕግ አወጣሁ፦ ማንም ሰው ልብስ ወይም ቀለበት ስላወቀ ብቻ አስከሬን አይወስድም። ጥርስ፣ የቆየ ስብራት፣ እሱም ካልተገኘ የዘረመል ምርመራ ይጠበቃል። ለእያንዳንዱ አስከሬን ቁጥር ሰጠን፤ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ደግሞ ረጅም ቅጽ።

ረፋድ ላይ አንድ ሽማግሌ ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ። ልጃቸው መጋዘኑ ውስጥ ይሠራ ነበር። ቁጥር ሰባት ላይ የተገኘውን የጃኬት ቁራጭ ፎቶ ሳሳያቸው ጣታቸውን አኖሩበትና «የልጄ ነው» አሉ። ተከትለዋቸው የመጡት ዘመዶች መቃብሩ ተቆፍሮ እየጠበቀ መሆኑን፣ ጀናዛ ማዘግየት እንደማይገባ ነገሩኝ። አንዱ ድምፁን ከፍ አደረገ። በር ላይ የነበረው ፖሊስ ወደ እኛ መጠጋት ጀመረ።

«ልጄ» አሉኝ ሽማግሌው ቀስ ብለው፣ «የልጅህን ልብስ አታውቅም ነው የምትይኝ?»

«ያውቁታል አባባ። እኔ ግን የለበሰው ማን እንደሆነ ገና አላወቅሁም።»

መልሴ ለራሴም ጭካኔ መሰለኝ። አስከሬኑን እንዲወስዱ የቀረው የእኔ ፊርማ ብቻ ነው። አለቃዬም ሕዝቡ ሳይቆጣ ቶሎ እንድጨርስ ሁለቴ ደውሎ አሳስቦኛል። እስክሪብቶውን አንስቼ ነበር፤ አልዋሽም።

ከዚያ ቅጻቸው ላይ የስብራት ጥያቄው ባዶ መሆኑን አየሁ። ጠየቅኳቸው። ልጃቸው ከሞተር ሳይክል ወድቆ ግራ ክንዱ ውስጥ ብረት እንደገባለት፣ የራጅ ፊልሙም ዓለም ባንክ ቤታቸው እንዳለ ነገሩኝ። ዘመዶቹ አጉረመረሙ። እሳቸው ግን ሴት ልጃቸው ይዛው እንድትመጣ ደወሉላት።

ሁለት ሰዓት ጠበቅን። አግዳሚው ላይ አጠገባቸው በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ተቀምጣለች፤ ከከፋ መጥታ ኮልፌ ማር እየነገደች ልጆቿን ያሳደገች። የበኩር ልጇ እዚያው መጋዘን ይሠራ ነበር። ወሬ ሲጀምሩ፣ አሠሪያቸው ለሠራተኛው ሁሉ አንድ ዓይነት ጃኬት አድሎ እንደነበር ነገረቻቸው። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ።

ፊልሙ እንደመጣ በስልክ ፎቶ አንስቼ ሆስፒታል ላለው ባልደረባዬ ላክሁለት። በቁጥር ሰባት ክንድ ውስጥ ብረት እንደሌለ መለሰልኝ። ብረቱ የተገኘው ቁጥር አሥራ አንድ ላይ ነው፤ የብሎኖቹ ብዛትም አቀማመጥም ከፊልሙ ጋር ገጠመ።

ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ነገርኳቸው። ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ።

«የሌላ እናት ልጅ ልቀብር ነበር» አሉ።

ልጃቸውን በዚያው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀበሩ። የሴትየዋ ልጅ ግን ጥርሱንም አጥንቱንም ታክሞ ስለማያውቅ የዘረመሉን ውጤት መጠበቅ ግድ ሆነ። ለሳምንታት በየቀኑ መጣች፤ አዲስ ነገር የለም ስላት «እሺ» ብላ ትሄዳለች። ቁጥር ሰባት ልጇ መሆኑን የነገርኳት ዕለት ሽማግሌው አብረዋት መጥተው ነበር። አስከሬኑን ለመረከብ ከመፈረሟ በፊት እርግጠኛ መሆኔን ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። ሦስቱንም ጊዜ አዎ አልኳት።