ወይዘሮ ያሏት ዕለት

ኢስክራ ቶንቼቫ ባለትዳር መሆኗን የሰማችው በሃምሳ ሦስት ዓመቷ፣ ማዘጋጃ ቤት መስኮት ፊት ቆማ ነው።

የሄደችው ለቤት ጉዳይ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተከራየቻትን፣ ጓሮዋ የፕሪም ዛፍ ያለባትን ባለ ሁለት ክፍል ቤት ልትገዛ ተስማምታ፣ አዋዋዩ «ያላገቡ መሆንዎን የሚገልጽ ማስረጃ ያምጡ» አላት። የማዘጋጃ ቤቷ ጸሐፊ ኮምፒውተሩን ነካካችና ቀና አለች።

«ወይዘሮ ኢስክራ፣ ይሄን ማስረጃ ልሰጥዎ አልችልም።»

«ወይዘሪት» አለች ኢስክራ ፈገግ ብላ።

«ኧረ ወይዘሮ ነዎት! ከተጋቡ ሃያ ሰባት ዓመትዎ ነው። ባልዎ ላዛር ጊንቼቭ።»

ኢስክራ ሳቀች። ጸሐፊዋ አልሳቀችም። ያን ጊዜ ኢስክራ አግዳሚው ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

ላዛርን በሕይወቷ ያየችው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የታላቅ እህቷ የራይና ሠርግ ላይ። እሱ የሙሽራው ሚዜ፣ እሷ የሙሽሪት ሚዜ ነበሩ፤ ምስክር ሆነውም ፈርመዋል። ጸሐፊዋ ከምድር ቤት አሮጌውን መዝገብ አምጥታ ስትገልጠው እጇን አፏ ላይ ጫነች። የዚያን ዘመን ሠራተኛ ምስክሮቹን በሙሽሮቹ ቦታ፣ ሙሽሮቹን በምስክሮቹ ቦታ ጽፏቸዋል።

«ታዲያ እህቴስ?»

«እህትዎማ...» አለች ጸሐፊዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አላገቡም።»

ኢስክራ ግን በዚያች ሰዓት ስለ እህቷ አላሰበችም። ያሰበችው ስለ ራሷ ኑሮ ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ትሠራለች፤ የከተማው ሽማግሌ ግማሹ የሚያኝከው በእሷ ጥርስ ነው። ከሥራ ስትወጣ በጋ ከሆነ ወንዝ ወርዳ ትዋኛለች፤ ሐሙስ ሐሙስ ከመዘምራን ቡድን ጋር ትዘምራለች፤ ሾርባዋን ከነድስቱ ጭኗ ላይ አድርጋ መጽሐፍ እያነበበች ትበላለች። ለምን አላገባሽም ሲሏት «ዕድሌ አልሆነም» ትል ነበር፣ ጠያቂው ቶሎ ዞር እንዲልላት። ያን ቀን አግዳሚው ላይ ሆና ግን፣ ያቺ አንዲት ቃል፣ ወይዘሮ የምትለው፣ ሰው ዘው ብሎ ገብቶ ቤቷን ያራቆተባት ያህል አስደነገጠቻት። ብቻዋን መኖሯ ራሱ ዕድሏ ነበር ለካ። ስትኖረው ኖራ አሁን ገና አወቀችው።

በቀጥታ ወደ ራይና ሱቅ ሄደች። ራይና የሹራብ ክር ትሸጣለች። ፋሲካ በመጣ ቁጥር የበጉ ሥጋ ሲቆረጥ «አይ የኔ ምስኪን፣ ብታመሚ ውሃ እንኳ የሚያቀብልሽ የለ» ሳትላት ያለፈ ዓመት የለም። ኢስክራ የሆነውን ነገረቻት።

«አብደሻል? የጋብቻ ወረቀቴ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ!»

«የሚታየው መዝገቡ ነው አሉ። ፍርድ ቤት አራታችንም ፈርመን እናመልክት ተብለናል።»

ራይና የያዘችው የክር ጥቅል ወደቀ። ከዚያ ኢስክራ በማታውቀው ቀጭን ድምፅ፣ «ታዲያ እኔ አሁን... ነጻ ነኝ?» አለች።

ኢስክራ ማዘጋጃ ቤቱ መስኮት ፊት ከደነገጠችው የባሰ የደነገጠችው እዚህ ላይ ነው።

ላዛርን በስልክ አግኝታ የሆነውን ነገረችው። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሚስት አላገባም።

«ሃያ ሰባት ዓመት አንድ ቀን ሳንጣላ!» አለ እየሳቀ። «ከእኔ የተሻለ ባል ከየት ታመጫለሽ? በቃ ተይው ይቀጥል።»

«ላዛር፣ መቼ ነው የምትፈርመው?»

«ነገ መጥቼ እፈርማለሁ፣ ሚስቴ። አትቆጪ።»

ላዛር ፈረመ። የራይና ባል ዲሞም ፈረመ። ራይና ግን አልፈረመችም፤ ሻንጣዋን ይዛ ኢስክራ ቤት ገባች። በሦስተኛው ቀን ዲሞ አጥሩ ላይ ተደግፎ ተጣራ።

«ሚስቴን ጥሩልኝ!»

«ሚስትህ አይደለሁም!» አለች ራይና በመስኮት። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ዲሞ ብቻውን ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ራይና አሥራ አንድ ቀን ተቀመጠች። ፕሪሙ ሥር ወንበር አውጥታ ምንም ሳትሠራ ትውላለች። በመጨረሻ ኢስክራ ትዕግሥቷ አለቀ።

«አንቺ እስክታስቢ እኔ የሰው ሚስት ሆኜ አልኖርም። ይሄ የእኔም ሕይወት ነው።»

«ብቻሽን መሆኑ አይከብድሽም?»

«ክረምት ላይ ስታመም ይከብደኛል፤ አልዋሽሽም። ሌላውን ግን እወደዋለሁ። በጣም ነው የምወደው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ታምኚኝ ነበር?»

ራይና ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። «ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አዘንኩልሽ» አለች።

በማግስቱ ሄዳ ፈረመች፤ ወደ ዲሞም ተመለሰች። እሱ ይወዳታል፣ እሷም አልጠላችውም። አንድ ነገር ብቻ አስቀድማ አስታወቀችው፦ እሑድ የራሷ ናት። ዳኛው በመጋቢት መዝገቡን አረመ። ኢስክራም ቤቷን ገዛች።

አሁን ራይና እሑድ ጠዋት ጫማዋን አጥልቃ ብቻዋን አውቶቡስ ትሳፈራለች። ዲሞ ግራ ገብቶት ኢስክራ ዘንድ ይደውላል።

«የት ነው የምትሄደው? አንቺ ታውቂያለሽ።»

«እኔ እንጃ» ትለዋለች። እውነቷን ነው፤ ጠይቃት አታውቅም።