የጋሽ እሺ ውሻ እንዴት ዝም አለ

ጋሽ እሺ የወጣላቸው ስም ነው። ምን ቢሏቸው «እሺ» ስለሚሉ እኛ ጎረቤቶቻቸው አወጣንላቸው፣ በዚያው ጸና። ሠላሳ አንድ ዓመት ወፍጮ ቤት ሠርተዋል። ጆንያ ተሸክመው ያስገባሉ፣ እህሉን ወፍጮው አፍ ላይ ይገለብጣሉ፣ ዱቄቱን ተቀብለው ያስራሉ። ማታ ሲመለሱ ቅንድባቸውም ሽፋሽፍታቸውም ነጭ ነው። ታጥበው ሲወጡ ብቻ ነው ስልሳ እንኳ ያልሞላቸው መሆኑ የሚታወቀው።

እኔ ነርስ ነኝ፤ ለዓመታት የማታ ተረኛ። ግቢያችንን የሚለየው ደረቴ ድረስ የሚመጣ የብሎኬት አጥር ነው፣ የመኝታ ቤቴ መስኮትም በቀጥታ የሳቸውን በር ያያል። ሌሊቱን ቆሜ አድሬ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ እተኛለሁ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ምን ዓይነት አውሬ እንደሚሆን ተኝቶ የሚያድር ሰው አይገባውም። እንዲገባውም አልለምነውም።

ጋሽ እሺ አንዲት ልጅ አለቻቸው። እናቷ ስትሞት ሦስት ዓመቷ ነበር፤ እሳቸው ናቸው ጸጉሯን እየሠሩ ያሳደጓት። ከስምንት ዓመት በፊት ያልወደዱትን ሰው ስታገባ «ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጪ!» ብለው በራቸው ላይ ቆመው ጮኹባት። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። እሷም የአባቷ ልጅ ናት፤ አልረገጠችም። ባለፈው ዓመት ግን መውለዷን ከሰው ሰሙ። በዚያው ሰሞን የወፍጮ ቤቱን ሚዛን ሠራተኛ ለምነው ደብዳቤ አጻፉ፤ «እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። በፈለግሽው እሑድ ነይ» የሚል። ሚዛን ሠራተኛው ሆዱ ወሬ አይይዝም፣ ስለዚህ ማን እንደሚጠበቅ በሳምንቱ ሁላችንም አወቅን።

ውሻው የመጣው ከደብዳቤው ቀጥሎ ነው። አምስት ወር ቢሆነው ነው፤ ጆሮው ትልቅ፣ እግሩ ረጅም፣ ገና ራሱን ያላወቀ ውርጋጥ። በሩ አጠገብ በሰንሰለት አሰሩት፣ የዱቄት ጆንያ አነጠፉለት፣ ጎህ ሳይቀድ ዳቦና ውሃ አስቀምጠውለት ወደ ሥራ ሄዱ። ውሻውም ሥራውን ጀመረ። ድመት ሲያልፍ ይጮኻል፣ ተማሪ ሲያልፍ ይጮኻል፣ ፌስታል ሲበር ይጮኻል፣ ምንም ሲያጣ ደግሞ ምንም በማጣቱ ይጮኻል። በር ሲንኳኳማ አይጣል ነው። የሳቸው በር ይንኳኳ፣ የጎረቤት በር ይንኳኳ፣ ለሱ ልዩነት የለውም፤ ታንቆ እስኪወድቅ ሰንሰለቱን ይጎትታል።

ሄጄ ነገርኳቸው። «ጋሼ፣ ውሻዎ አላስተኛ አለኝ።»

«እሺ ሲስተር፣ እሺ» አሉኝ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ።

በማግስቱ ያው ነው። ሁለተኛም ሄድኩ፣ ሦስተኛም ሄድኩ። «እሺ፣ እሺ።» ጆሮ ዳባ ልበስ ሲሉኝ ንቀት መሰለኝ። ሰው እንቢ ቢልህ ትጣላዋለህ፤ እሺ እያለ የማያደርገውን ምን ታደርገዋለህ? በግራ በኩል ያለው ፀጉር አስተካካይ «ሥጋ ውስጥ የሆነ ነገር ከተት አድርጎ መጣል ነው እንጂ ምን ያጨቃጭቃል?» አለኝ። እንቢ አልኩት። ደግነት እንዳይመስላችሁ፤ መርዝ ከየት መጣ ተብሎ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ነርስ ነው።

መጀመሪያ በመስኮቴ ብቅ እያልኩ ጮኽኩበት። ባሰበት። ውሃ ደፋሁበት፤ ተራግፎ ቀጠለ። የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ሚስማር ጨምሬ ወረወርኩለት፤ ሲንኳኳ አንድ ቀን ፈራ፣ በሁለተኛው ቀን ተጫወተበት። በመጨረሻ የሆስፒታላችንን ዘበኛ አማከርኩት። ዕድሜ ልኩን ውሻ ያሳደገ ሰው ነው።

«ስትጮኺበት እኮ አብረሽው የምትጮኺ ነው የሚመስለው» አለኝ። «ልጅ ውሻ የሚጮኸው ሥራ ሲፈታ ነው ሲስተር። ጠዋት ከሰንሰለቱ ይፈታ፣ ይሩጥ፣ ይድከም፣ የሚያኝከው አጥንት ይሰጠው። የመንገዱን ሰው የሚያይበት ቀዳዳ ይሸፈን። ደግሞ ዝም ያለ ጊዜ አጉርሺው፤ ሲጮኽ ግን ፊትሽን አታሳዪው። በወሩ ሌላ ውሻ ይሆናል።»

መልካም ምክር ነበር። እኔ ግን ከምክሩ የሚጠቅመኝን ብቻ ለቅሜ ወሰድኩ። ማስሮጡን ተውኩት፤ የሰው ውሻ አስሮጬ እግሬ ይሰበር? በሱ ፋንታ ከራሴ አንድ ነገር ጨመርኩ። ጋሽ እሺ ሲወጡ የተዉለትን ዳቦ በመጥረጊያ እንጨት እየሳብኩ በአጥሩ በኩል ወሰድኩበት። የራበው ቶሎ ይማራል። ከዚያ በኋላ ዝም ሲል አጥንት፣ ሲጮኽ የበርሜል ውሃ ሆነ ሥርዓቱ። የበራቸውን ክፍተት በቆርቆሮ ደፈንኩት። ጠዋት ጠዋት ከሥራ ስመለስ እንቅልፌን እየታገልኩ በራቸውን ከውጭ አንኳኳለሁ፤ ከጮኸ ትቼው እሄዳለሁ፣ ጾሙን ይውላል። ዝም ብሎ ጆንያው ላይ ከተኛ በአጥሩ አጎርሰዋለሁ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። የጎድን አጥንቱ ሲቆጠር ጋሽ እሺ «ማደግ ላይ ነው፣ ለዚያ ነው የከሳው» ይሉ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ በሩን አንኳኳሁ። ዝም። ደበደብኩት። ዝም። በአጥሩ ላይ አሻግሬ ሳይ ጆንያው ላይ ተጋድሞ፣ አፍንጫውን በሁለት እግሮቹ መሃል ቀብሮ፣ ዓይኑን ብቻ ወደኔ እያንከራተተ ነው። እውነቱን ልናገር፤ ኮራሁ። ስንት ሐኪም ያቃተውን በሽተኛ ያዳንኩ ያህል ኮራሁ። የዚያን ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ተኛሁ።

ከዚያ ጋሽ እሺን ትኩሳት ያዛቸው። መርፌ ልወጋቸው ቤታቸው ገባሁ። ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠው ነበርና «እጅጌዎን ይጠቅልሉ» አልኳቸው። ዝም። ደግሜ አልኳቸው። ዝም። ትከሻቸውን ስነካቸው ደንግጠው ዘለሉ፣ ዓይናቸውንም ወዲያው ከንፈሬ ላይ ተከሉት። ያን ጊዜ ገባኝ።

«ጆሮዬ ከሄደ አራት ዓመቱ ነው» አሉኝ። «ወፍጮው በላው። እዚያ በእጅ ነው የምንነጋገረው፣ ማንም አላወቀብኝም። ካወቁ ያባርሩኛል። እባክሽ ሲስተር፣ ካንቺ እንዳይወጣ።»

እሺ የሚሉት ስለማይሰሙ፣ በፍጥነት የተነገረውንም ከከንፈር ማንበብ ስለማይችሉ ነበር። ላዝን ይገባኝ ነበር፣ አዘንኩም፤ ግን ያዘንኩት መስማት ያልቻሉትን ሰው በመቀየሜ እንጂ ስለ ውሻው ገና አላሰብኩም ነበር። ወዲያው ግድግዳው ሥር የተቆለለ ሰንሰለት አየሁ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

አፍረው ፈገግ አሉ። እሑድ ሲሆን የውሻውን ሰንሰለት በግድግዳው ቀዳዳ አስገብተው ከአልጋቸው እግር ጋር ያስሩታል። በር ሲንኳኳ ውሻው ይጎትታል፣ አልጋው ይነቃነቃል፣ እሳቸው ይነሳሉ። ስድስት ቀን ጆንያ የተሸከመ ወገብ እሑድ በር ላይ ተቀምጦ መዋል አይችልም። ደግሞም ልጃቸውን ሲጠብቁ እኛ እንድናያቸው አልፈለጉም።

«በፊት በረባ ባልረባው ያስነሳኝ ነበር» አሉኝ። «አሁን በሰለ። በከንቱ አያነቃንቀኝም። ከእንግዲህ ከተነቃነቀ ሰው ነው ማለት ነው።»

  ብነግራቸው የሰው ውሻ ማስራቤን መናገሬ ነው፤ ከዚያም ውሻው መልሶ ይጮኻል፣ እኔም መልሼ እንቅልፍ አጣለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት እነግራቸዋለሁ ብዬ መርፌውን ወግቼ ወጣሁ። በሚቀጥለውም ሳምንት እንዲሁ አልኩ።

በሦስተኛው እሑድ፣ ሁለት ሰው የሞተብኝ ሌሊት አድሬ ተኝቼ ሳለ፣ ከሰዓት ላይ በር ተንኳኳ። በጣት ነበር መጀመሪያ። ቆይቶ በመዳፍ ሆነ። ቆይቶ በድንጋይ ቆርቆሮውን ይመቱት ጀመር። ውሻው ትንፍሽ አላለም። ጆሮዬን በትራስ ሸፈንኩ፤ አልቆም አለ። ተነስቼ መስኮቱን በርግጄ ጮኽኩ፦

«ሰውዬው ቤት ነው ያለው! ሊከፍትልሽ ቢፈልግ ኖሮ እስካሁን ይከፍትልሽ ነበር! ሰው ይተኛበት!»

አንዲት ሴት ቀና ብላ አየችኝ። ልጅ አዝላለች፣ በአንድ እጇ ድንጋዩን፣ በሌላው ፌስታል ይዛለች። አላወቅኋትም ብል ውሸት ነው። የጋሽ እሺ ግንባር ነው፣ ቁርጥ እሳቸው። «ቤት አለ?» ብላ ጠየቀችኝ፣ ቀስ ብላ። እኔም ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ድንጋዩን መሬት ላይ አስቀመጠችው፤ አልወረወረችውም። ዞራ ስትሄድ የልጁ ጭንቅላት ከጀርባዋ ወደ በሩ እየተመለከተ ነበር።

ልጠራት እችል ነበር። እስከ መንገዱ ጥግ ድረስ አየኋት፣ ድምፄም ይደርስ ነበር። ጸጉሬ ተበታትኗል፣ በሌሊት ልብስ ነኝ፣ ብትጠይቀኝ ምን እላለሁ አልኩ። መስኮቱን ዘግቼ ተኛሁ። እንቅልፍም ወሰደኝ።

በአስራ አምስት ቀኑ ጋሽ እሺ ከሥራ ሲመለሱ ወረቀት ይዘው አጥሩ ጋ ጠሩኝ። ፊታቸው ገና በዱቄት እንደተሸፈነ ነው።

«ከሷ ነው» አሉ። «ሚዛን ሠራተኛው ቀርቷል ዛሬ፣ እስከ ነገ አልችልም። አንብቢልኝ፣ ሲስተር።» 

ወረቀቱ ላይ አምስት መስመር ብቻ ነበር። «አባባ፣ ነይ ብለህኛል ብዬ መጥቼ ነበር። ልጁን ይዤልህ። ለረጅም ጊዜ አንኳኳሁ። ጎረቤትህ ቤት መሆንህንና ልትከፍት አለመፈለግህን ነገረችኝ። ሁለተኛ አልመጣም።» ከንፈሬን እያዩ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አራተኛውን መስመር ዘለልኩት። ከዚያም ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤ ሚዛን ሠራተኛው ነገ እንዳያነብላቸው።

«መጥታ ነበር?» አሉኝ። «አንኳኳች ነው የሚለው?»

«አንኳኳሁ ነው የሚለው፣ ጋሼ።»

«አንቺስ አልሰማሽም?»

«ተኝቼ ነበር» አልኳቸው።

 እንባቸው ዱቄቱን እየሰነጠቀ ሲወርድ አየሁት። ከዚያ ዞር ብለው ውሻውን አዩት፣ የሰንሰለቱን ጫፍ ከመሬት አነሱ፣ አጥፈው ያዙትና መቱት። ሠላሳ አንድ ዓመት ጆንያ የተሸከመ ክንድ ነው። ውሻው ወደ ጆንያው ሮጦ ተጋደመ፣ አፍንጫውን በእግሮቹ መሃል ቀበረ። በመቱት ቁጥር ገላው ይርገፈገፋል፣ ድምፅ ግን አያወጣም። ዓይኑ አጥሩ ላይ፣ እኔ ላይ ነበር። እጄ አጥሩን እንደያዘ ቀረ።

«እዪው! አሁን እንኳ አፉን አይከፍትም!» አሉኝ፣ እያለከለኩ። «ምን ዓይነት ውሻ ነው ይሄ?»

«ገና ልጅ ነው ጋሼ» አልኳቸው፣ እንዲያነቡት ከንፈሬን ቀስ እያደረግሁ። «ልጅ ውሻ ምን ያውቃል።»

ሰንሰለቱን እንደገና አነሱ። እኔም ወደ ቤቴ ገባሁ፤ የተራዬ ሰዓት ደርሶ ነበር።