ዘይቡ መውጣት

በጅማ መርካቶ እህል ተራ፣ የሚበላ ፍለጋ የወጣ ሰው «ዘይቡ ወጣሁ» ይላል። ሥራ ያጣው ይላል፤ ኪሱ ባዶ የሆነ ተማሪም ምሳ ሰዓት ላይ እየሳቀ ይላል። ወጣቶቹን ቃሉ ከየት መጣ ብትሏቸው ሁሉም ሊቅ ነው፤ አንዱ ከዐረብኛ ነው ይላል፣ ሌላው የአጋሮ ነጋዴዎች ያመጡት ነው ብሎ ይከራከራል። በቆሎ የምትቸረችረው ሩፈይዳ ዝም ትላለች። ዘይቡ እናቷ ናት።

ዘይቡ ባሏ ከሞተ በኋላ መጥረጊያና ወንፊት ይዛ ወደ ተራው ትወጣ ነበር። ከጆንያ የተንጠባጠበ እህል ከሰዓት በኋላ ከሚሰገደው ከዐስር ሶላት ወዲያ የጠራጊ ነው፤ ደንቡ ነው፣ ባለሱቅ አይነካውም። ሩፈይዳ ያደገችው ከአፈር ተነፍቶ በወጣ በቆሎ ነው። ተሸካሚዎቹም ቀስ በቀስ የሚበላ ፍለጋ የሚዞረውን ሁሉ በዘይቡ ስም መጥራት ጀመሩ።

ሩፈይዳ ስምንተኛ ክፍል ሳለች ከጓደኞቿ ጋር በዚያ ስታልፍ፣ አቧራ የለበሰችው ሴት ቀና ብላ ፈገግ አለችላት። አንዷ ጓደኛዋ ታውቂያታለሽ ወይ ብትላት፣ አላውቃትም አለች። ዘይቡ ሰማች። ቤት ገብታ ግን ስለዚህ ነገር ትንፍሽ አላለችም። ከሞተች ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሆናት።

ዛሬም መጥረጊያ አፈር ሲፍቅ ሩፈይዳ ትደነግጣለች፤ እናቷ ከጀርባዋ ቆማ የምታያት ይመስላታል። ጠራጊ እንዳይመጣባት ብላ የሱቋን ደጅ ራሷ ትጠርጋለች። ሰው ቆንቋና ይላታል፤ ይበል፣ የሚያስጠርጋት ጸጸት መሆኑን ምን አውቆ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ወንፊት ይዛ ደጇ ቆመች። ዘይቡ ወጥቼ ነው፣ ትፈቅጂልኛለሽ ወይ አለቻት። ሩፈይዳ ከደጁ ዘወር አለችላት። ግቢ፣ ጥረጊ አለቻትና፣ ጆንያ ላይ ወደተቀመጡት ሽማግሌ ተሸካሚ ወደ ኩመራ ዞረች።

«ጋሽ ኩመራ፣ ዘይቡ እኮ እናቴ ናት።»

ሽማግሌው ምንም አልገረማቸውም። በኦሮምኛ ልጄ ብለው ጠሯትና አጠገባቸው አስቀመጧት።

«እናውቃለን፣ ኢንተላ ኮ። አላውቃትም ያልሽ ዕለት፣ ገና መንገዱን ሳትሻገሪ ሁላችንንም በአላህ አስማለችን። የማን እናት እንደሆንኩ ለማንም እንዳትናገሩ፣ ልጄ እንዳትሸማቀቅ አለችን።»